አስር ሲታሰር፣ መቶ ሲዘረዘር፦ ሙሉ ቁጥሮችን በጽሑፍ የመደመርና የመቀነስ ስልቶች

ሙሉ ቁጥሮችን በጽሑፍ መደመርና መቀነስ ማለት አንድን ትልቅ ስሌት ወደ ትንንሽ ስሌቶች ሰባብሮ በወረቀት ላይ በተራ መሥራት ነው። 2,678ን ከ1,547 ጋር በቃል መደመር ለብዙ ሰው ይከብዳል፤ ስምንትና ሰባት ስንት እንደሚሆን ግን ጣቱን ቆጥሮም ቢሆን የማይደርስበት የለም። የጽሑፍ ስልት የመጀመሪያውን ከባድ ጥያቄ እንደ ሁለተኛው ባሉ አራት ቀላል ጥያቄዎች ይተካዋል። ይህ የሚቻለው ቁጥሩ በየቤቱ ስለሚቀመጥ ነው፦ አንድ ቤት፣ አስር ቤት፣ መቶ ቤት፣ ሺህ ቤት። እያንዳንዱ ቤት በስተቀኙ ካለው ጎረቤቱ አስር እጥፍ ይመዝናል። በየትኛውም ቤት ውስጥ ደግሞ ከዘጠኝ በላይ አይቀመጥም። አስር የሞላው ታስሮ ወደ ግራ ይሻገራል፤ የጎደለበት ቤት ከግራ ጎረቤቱ አንድ እስር ተፈትቶ ይሰጠዋል። የመደመርና የመቀነስ ስልቶች በየትኛውም አገር ቢሠሩ ከእነዚህ ሁለት እንቅስቃሴዎች፣ ከማሰርና ከመፍታት፣ አይርቁም።

በምዕራብ ሐረርጌ እነዚህ ሁለት እንቅስቃሴዎች ከትምህርት ቤት በፊት በገበያ ይታያሉ። በቦኬ፣ በገለምሶ፣ በበዴሳ፣ በሂርናና በጭሮ ጫት በእስር ይሸጣል፤ ቡና በኪሎ ተመዝኖ በፈረሱላና በኩንታል ይጠራል፤ ባንክ የገባ ብር መቶ መቶ ቅጠል ሆኖ ይታሰራል። መቶ ብር ይዞ የአስራ አምስት ብር ዕቃ የሚገዛ ሰው ሻጩ «ዝርዝር የለኝም» ሲለው ምን እንደጎደለ በደንብ ይገባዋል። መቶ ብሩ አልጠፋም፣ አላነሰም፤ አስር አስር ብር ሆኖ ካልተዘረዘረ ግን አስራ አምስት ሊነሣለት አይችልም። የጽሑፍ ቅነሳ ሙሉ ምሥጢር ይኸው ነው። ክፍል ውስጥ ይህ እንቅስቃሴ «መበደር» የሚል ሌላ ስም ተሰጥቶታል። የስሙ ለውጥ ትንሽ ቢመስልም መዘዙ ብዙ ነው፤ ወደ ቅነሳ ስንደርስ ይታያል።

«አስር» የሚለው የቁጥር ስምና «እስር» የሚለው ቃል በድምፅ ይቀራረባሉ እንጂ ሥራቸው አንድ አይደለም። ቁጥሩ ከግዕዙ ዐሥር፣ እስር ደግሞ ከ«አሰረ» የመጡ ናቸው። ለማስተማር ግን አጋጣሚው መልካም ነው፤ አስር ማለት የአንዶች እስር ነው ብሎ መጀመር ይቻላል። ቋንቋዎቹም ያግዛሉ። በአማርኛ አስራ አንድ፣ አስራ ሁለት ሲባል አስሩም ተርፎ የመጣውም በግልጽ ይሰማሉ። የአካባቢው ልጆች አፍ የፈቱበትና በመጀመሪያ ደረጃ የሚማሩበት አፋን ኦሮሞም እንዲሁ ነው፤ ኩዸን አስር፣ ኩዸ ቶኮ አስራ አንድ፣ ዲግደሚ ሸን ሃያ አምስት ነው። በሁለቱም ቋንቋዎች ትልቁ ቤት ቀድሞ ይጠራል፤ ይህም ከአጻጻፉ ቅደም ተከተል ጋር ይገጥማል። ዐረብኛ በአንጻሩ ሃያ አምስትን «አምስትና ሃያ» ብሎ ከትንሹ ቤት ይጀምራል።

የቤት አሰላለፍ ሁልጊዜ የነበረ ነገር አይደለም። የግዕዝ ቁጥር ከ፩ እስከ ፱፣ ከ፲ እስከ ፺፣ ለመቶ ፻፣ ለአስር ሺህ ፼ የየራሳቸው ምልክት ያላቸውና ከግሪክ ፊደላዊ ቁጥሮች የመጡ ናቸው። ዜሮ የላቸውም። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ኢዛና በኖባ ላይ ስላደረገው ዘመቻ ያስቀረጸው የአክሱም የድንጋይ ጽሑፍ የምርኮኞቹን ብዛት ወንዶች 214፣ ሴቶች 415፣ ድምር 629 ብሎ ያሰፍራል። ይህ በአገሪቱ በድንጋይ ላይ ተጽፈው ከቀሩ ጥንታዊ ድምሮች አንዱ ነው። በግዕዝ አኃዝ ሲቀመጥ ፪፻፲፬ እና ፬፻፲፭ ተደምረው ፮፻፳፱ ይሆናሉ። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች አንዱን ከሌላው በታች ቢጽፏቸው በአጋጣሚ ይሰለፋሉ፤ ከአንዱም ቤት ወደ ሌላው የሚሻገር የለም። ፻፭ን ከ፵፯ በላይ ቢያስቀምጡት ግን ነገሩ ይበላሻል። ሁለቱም ሁለት ሁለት ምልክት ስላላቸው ፻ ከ፵ ጋር ይገጥማል፤ መቶው ከአርባው ጋር አንድ ቤት የገባ ይመስላል። ምልክቱ ራሱ ዋጋውን ይናገራልና በየትኛውም ቦታ ቢቆም ግድ የለውም። ለመመዝገብ የሚበቃ፣ ለመደመር ግን የማይመች አጻጻፍ ነው።

ይህ ማለት በግዕዝ ቁጥር የጻፉ ሊቃውንት ማስላት አልቻሉም ማለት አይደለም። ስሌቱ በቃል፣ በጣትና በጠጠር ይሠራ ነበር፤ ጽሑፉ ውጤቱን ይይዛል። ከዚህ ወገን እጅግ የረቀቀው ባሕረ ሐሳብ ነው፤ ትውፊቱ የእስክንድርያ 12ኛ ፓትርያርክ ለሆነው ለድሜጥሮስ ይሰጠዋል። ለምሳሌ ለ2016 ዓ.ም. 5,500 ሲጨመር ዓመተ ዓለሙ 7,516 ይሆናል። ይህ በ19 ሲገደፍ 11 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 10 ነው። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ ሠላሳዎቹ ሲገደፉ አበቅቴው 20፣ በ19 ተባዝቶ ሠላሳዎቹ ሲገደፉ መጥቅዑ 10 ይወጣል። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ምንጊዜም 30 ስለሚሞሉ አንዱ ሌላውን በቅነሳ ይሰጣል። እዚህ ላይ «መግደፍ» የሚለው ቃል ልብ ይባል፤ የሞላውን ጥሎ የተረፈውን ብቻ መያዝ ማለት ነው። በኋላ በማረጋገጫው ክፍል ይመለሳል።

የቤት አሰላለፍ ከነዜሮው የተወለደው በሕንድ ነው። ብራህማጉፕታ እ.ኤ.አ. በ628 በዜሮ ለመደመርና ለመቀነስ ሕግ አስቀምጧል። በ9ኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ የሠራው አል ኽዋሪዝሚ የሕንዱን አቆጣጠር በዐረብኛ አስተማረ፤ «አልጎሪዝም» የሚለው የዛሬ ቃል ከስሙ የተገኘ ነው። የዚያ ዘመን ስሌት አቧራ በተነሰነሰበት ሰሌዳ ላይ በጣት እየተጻፈና እየተፋቀ ይሠራ ነበር። በደማስቆ አል ኡቅሊዲሲ በ952 ገደማ በጻፈው መጽሐፍ ስሌቱን ሳይፍቁ በወረቀትና በቀለም መሥራት እንደሚቻል አሳየ። ለውጡ ቀላል አይደለም፤ በወረቀት ላይ የተሠራ ስሌት ዱካው ስለሚቀር ስሕተት የት እንደገባ ተመልሶ ማየት ይቻላል። የፒሳው ሊዮናርዶ፣ በቅጽል ስሙ ፊቦናቺ፣ በ1202 ስልቱን ለአውሮፓ ነጋዴዎች አቀረበ፤ በ1478 በኢጣሊያዋ ትሬቪዞ ከተማ የታተመው የሒሳብ መጽሐፍ በአውሮፓ በማተሚያ ከወጡት የመጀመሪያው ነው።

አንድ ብዙ ጊዜ የሚጠየቅ ጥያቄ እዚህ ጋ መልስ ያገኛል። ከግራ ወደ ቀኝ የሚነበብ ጽሑፍ ይዞ ሳለ ድምር ለምን ከቀኝ ይጀመራል? አስር የሞላው ወደ ግራ ስለሚሻገር ከቀኝ የጀመረ ሰው የጻፈውን አኃዝ ተመልሶ ማረም አያስፈልገውም። የዐረብኛ ጽሑፍ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚሄድ ደግሞ ለዐረብኛ ጸሐፊ አንድ ቤት የንባቡም መነሻ ነው። በጭሮና በአካባቢው በትምህርት ቤት ከግራ ወደ ቀኝ፣ በቁርአን ትምህርት ቤት ከቀኝ ወደ ግራ የሚያነቡ ልጆች ብዙ ናቸው። ሁለቱንም አቅጣጫ የለመደ ልጅ «ጽሑፉን ከግራ፣ ድምሩን ከቀኝ» ሲባል ከሌላው ያነሰ ሊደናገር ይገባዋል። ይህን ሀብት የሚጠቀም ትምህርት ግን እምብዛም ነው።

ወደ ጭሮ ከተማ የጽሑፍ ሒሳብ የገባው በአስተዳደርና በግብር መዝገብ ጭምር ነው። ጭሮ በቀድሞ ስሟ አሰበ ተፈሪ የጨርጨር ዋና ከተማ ሆና ስትመሠረት አገረ ገዢው ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ነበሩ፤ በታሪክ የሚታወቁበት «በጅሮንድ» የሚለው ማዕረግም የግምጃ ቤት ኃላፊነትን የሚያመለክት ነው። ከብዙ ዓመታት በኋላ በ1971 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከፊደል ጋር የቁጥርን ትምህርት ወደ ገጠር አዳረሰ፤ በኋላም በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቷል። መዝገብ መያዝን በእነዚያ ዓመታት የለመዱ የዕድርና የዕቁብ ገንዘብ ያዦችም አሉ።

የመደመር ስልት አጭር ነው። ተደማሪዎቹ አንዱ ከአንዱ በታች፣ አንድ ቤት ከአንድ ቤት በታች ተሰልፈው ይጻፋሉ፤ ከቀኝ ተጀምሮ እያንዳንዱ ዓምድ ይደመራል።

  2,678
+ 1,547
———
  4,225

ስምንትና ሰባት አስራ አምስት፤ አምስቱ በቦታው ይጻፋል፣ አስሩ ታስሮ «አንድ በእጅ» ይባላል። ሰባትና አራት አስራ አንድ፣ በእጅ ካለው ጋር አስራ ሁለት፤ ሁለት ይጻፋል፣ አንድ በእጅ። ስድስትና አምስት አስራ አንድ፣ በእጅ ካለው ጋር አስራ ሁለት፤ አሁንም ሁለት ይጻፋል፣ አንድ በእጅ። ሁለትና አንድ ሦስት፣ ከእጁ ጋር አራት። «አንድ በእጅ» ጥሩ አነጋገር ነው፤ ችግሩ በእጅ ያለው አንድ በየቤቱ ዋጋው መለዋወጡ አለመነገሩ ነው። መጀመሪያ የተያዘው አንድ አስር ነበር፤ ቀጥሎ የተያዘው መቶ፣ ከዚያ ሺህ። ይህ ያልተነገረው ልጅ 48ን ከ37 ጋር ሲደምር አስራ አምስቱን እንዳለ ጽፎ፣ ከግራው ሰባት አክሎ 715 ይላል። አርባ ስምንት ብርና ሠላሳ ሰባት ብር በኪሱ ቢኖረው ሰባት መቶ ብር አለኝ እንደማይል የታወቀ ነው። ደብተሩ ላይ ግን ቁጥሮቹ ብር መሆናቸው ቀርቷል።

ተደማሪዎቹ ሲበዙ በእጅ የሚያዘው ከአንድ ሊበልጥ ይችላል። 386፣ 475 እና 298 ሲደመሩ አንድ ቤቱ 19 ስለሚሆን አንድ ይያዛል፤ አስር ቤቱ ከተያዘው ጋር 25 ይሆናልና ሁለት ይያዛል፤ መቶ ቤቱ 11 ሆኖ ውጤቱ 1,159 ይሆናል። የዕድር መዝገብ የሚይዝ ሰው ሃያና ሠላሳ መስመር ያለው ዓምድ ሲደምር አስር የሚሞሉ ጥንዶችን፣ ሰባትን ከሦስት፣ ስድስትን ከአራት፣ እያጣመረ ይወርዳል። ይህ የተፈቀደው መደመር ቅደም ተከተል ስለማያውቅ ነው፤ የትኛውም ቀድሞ ቢነሣ ድምሩ አይለወጥም። ከላይ ወደ ታች የደመረ ሰው መልሶ ከታች ወደ ላይ የሚደምረውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ያው ስሕተት በሁለቱም መንገድ የመደገም ዕድሉ ትንሽ ነው።

ከግራ መደመርም ይቻላል። 2,000 ከ1,000 ጋር 3,000፤ 600 ከ500 ጋር 1,100፤ 70 ከ40 ጋር 110፤ 8 ከ7 ጋር 15። ንዑስ ድምሮቹ ተደምረው እንደገና 4,225። ይህ መንገድ ብዙ ቦታ ይወስዳል፤ ነገር ግን ትልቁ ክፍል ቀድሞ ስለሚታወቅ ገበያተኛ በቃል የሚጠቀመው እርሱን ነው፣ ቤቶቹም ዋጋቸውን አይደብቁም። ለጀማሪ ከዚህ ተነሥቶ ወደ አጭሩ ስልት ማምራት ይሻላል።

ማሰር የግድ በአስር መሆን የለበትም። በቡና ንግድ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። አንድ ነጋዴ 12 ፈረሱላ ከ13 ኪሎ እና 8 ፈረሱላ ከ9 ኪሎ ቢረከብ ኪሎዎቹ 22 ይሆናሉ፤ ከ22ቱ 17ቱ ታስረው አንድ ፈረሱላ ይሆናሉ፣ 5 ኪሎ ይቀራል። ድምሩ 21 ፈረሱላ ከ5 ኪሎ ነው። በልማድ አስሩን ይዞ 2 ኪሎ የሚጽፍ ሰው ሕጉን ሸምድዷል፣ ምክንያቱን ግን አላገኘም። በዚህ አካባቢ ላለ ክፍል ከፈረሱላ የተሻለ መፈተኛ አይገኝም።

ቅነሳ ሰፊ ነው፤ ሰዎች የሚጨቃጨቁትም በእርሱ ላይ ነው። የላይኛው አኃዝ ከታችኛው የሚበልጥ ከሆነ ሁሉም መንገድ አንድ ነው። የሚለያዩት ሲያንስ ነው። 832 ሲቀነስ 457ን እንውሰድ፤ መልሱ 375 ነው፣ ወደ እርሱ የሚያደርሱ ቢያንስ አራት መንገዶች አሉ።

የመጀመሪያው በመማሪያ መጻሕፍት የሚገኘው ነው። ከ2 ላይ 7 አይነሣም፤ ከአስር ቤቱ አንድ አስር ተዘርዝሮ አንድ ቤቱ 12 ይሆናል፣ አስር ቤቱ 2 ይቀራል። 12 ሲቀነስ 7፣ 5። ከ2 አስሮች ላይ 5 አይነሣም፤ ከመቶ ቤቱ አንዱ ተዘርዝሮ 12 አስሮች ይሆናሉ። 12 ሲቀነስ 5፣ 7። መቶ ቤቱ 7 ቀርቷል፤ 7 ሲቀነስ 4፣ 3። እዚህ ምንም ብድር የለም። ብድር ይመለሳል፤ ይህ አስር ግን ተመልሶ አያውቅም። ጠያቂ ልጅ «መቼ እንመልሳለን?» ቢል ከመምህሩ የሚያገኘው መልስ አይኖርም። 832 ብር ያለው ሰው አንዱን መቶ ዘርዝሮ በአስር አስር ቢይዘው ያው 832 ብር አለው። «መዘርዘር» የሚለው ቃል ይህን በአንድ ጊዜ ይናገራል፤ ገበያው የሰጠው ስም ክፍል ከሰጠው ይበልጣል፣ በክፍልም ቢተካው ይገባል።

ይህ የቃል ምርጫ ጉዳይ በሌላ አገርም ተነሥቷል። ሊፒንግ ማ በ1999 ባሳተሙት ጥናት 23 የአሜሪካና 72 የቻይና የመጀመሪያ ደረጃ መምህራንን እንደ 52 ሲቀነስ 25 ያለውን እንዴት እንደሚያስተምሩ ጠይቀዋል። ከአሜሪካውያኑ ብዙዎቹ ስለመበደር ሲያወሩ፣ ከቻይናውያኑ ብዙዎቹ ከፍ ያለውን ቤት አንድ አሃድ ስለመበተን አወሩ። ሁለተኛዎቹ መደመርንና መቀነስን የአንድ እንቅስቃሴ ሁለት ገጽ አድርገው ማየት ችለዋል፤ የሚታሰረው ነው የሚፈታው።

ሁለተኛው መንገድ በሁለቱም ላይ እኩል መጨመር ነው። ከላይኛው አንድ ቤት ላይ አስር አንድ፣ ከታችኛው አስር ቤት ላይ ደግሞ አንድ አስር ይጨመራል፤ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት አይለወጥም። 12 ሲቀነስ 7፣ 5፤ 13 ሲቀነስ 6፣ 7፤ 8 ሲቀነስ 5፣ 3። ፈጣንና ንጹሕ ነው፣ የላይኛውን ቁጥር መሰረዝ አያስፈልገውም። ምክንያቱ ግን በዓይን አይታይም፤ ከየት እንደመጣ ያልታወቀው አስር ከሰማይ የወረደ ይመስላል። ታላቅና ታናሽ ወንድማማቾች ሁለቱም አስር ዓመት ቢጨምሩ የዕድሜ ልዩነታቸው ያው መሆኑን በማንሣት ማስረዳት ይቻላል።

ሦስተኛው የባለ ሱቅ መንገድ ነው፤ መቀነስን በመደመር ይተካል። ከ457 ተነሥቶ 3 ሲጨመር 460፣ 40 ሲጨመር 500፣ 300 ሲጨመር 800፣ 32 ሲጨመር 832። የተጨመሩት 3፣ 40፣ 300 እና 32 ተደምረው 375። የ365 ብር ዕቃ ሸጦ 500 ብር የተቀበለ ሰው መልስ ሲሰጥ «ሦስት መቶ ሰባ» ብሎ 5 ብር፣ «አራት መቶ» ብሎ 30 ብር፣ «አምስት መቶ» ብሎ 100 ብር ይቆጥራል። መልሱ 135 መሆኑን አንድም ጊዜ ላይጠራው ይችላል፤ ገዢው ግን ሙሉውን ይዞ ይሄዳል። በዚህ ዘዴ የሚዘረዘር፣ የሚሰረዝ፣ ከዜሮ የሚወሰድ ነገር የለም። በትምህርት ቤት ቦታ የማይሰጠው መሆኑ ያሳዝናል።

አራተኛው ማሟያን መጨመር ነው። የ457ን እያንዳንዱን አኃዝ ዘጠኝ የሚያሞላው 542 ነው፤ አንድ ሲጨመር 543። 832 ከ543 ጋር 1,375፤ የሺህ ቤቱ አንድ ሲገደፍ 375። በእጅ ለሚሠራ ሰው እምብዛም አያስፈልገውም። ድሮ በጥርስ የሚዞሩ የሒሳብ መኪናዎች፣ ዛሬም በሁለት አኃዝ ብቻ የሚሠሩ ኮምፒውተሮች የሚቀንሱት ግን በዚህ ሐሳብ ነው።

የሁሉም ፈተና ዜሮ ነው። 5,003 ሲቀነስ 1,467 ሲባል አንድ ቤት 3 ነው፤ ከግራው የሚዘረዘር ለማግኘት ሁለት ባዶ ቤቶችን አልፎ ሺህ ቤት መድረስ ያስፈልጋል። አንዱ ሺህ 10 መቶ ይሆናል፤ ከእነርሱ አንዱ 10 አስር ይሆናል፤ ከእነርሱም አንዱ 10 አንድ ይሆናል። ላይኛው ቁጥር 4 ሺህ፣ 9 መቶ፣ 9 አስር፣ 13 አንድ ሆነ ማለት ነው፤ መልሱ 3,536። ልጆች ከዚህ ላይ በብዛት የሚወድቁት ዘጠኞቹ ከየት እንደመጡ ባለማወቅ ነው። አንድ ቁጥብ መውጫ አለ፤ 5,003 ማለት 500 አስርና 3 አንድ ነው ብሎ ማንበብ። ከ500 አስሮች አንዱ ሲዘረዘር 499 ይቀራል፣ ሥራውም በአንድ እርምጃ አለቀ። ሌላው መውጫ ከሁለቱም ቁጥሮች 4 አስቀድሞ መቀነስ ነው፤ 4,999 ሲቀነስ 1,463 ምንም ሳይዘረዘር 3,536 ይሰጣል።

ስሕተቶቹ የዘፈቀደ አይደሉም። ጆን ሲሊ ብራውንና ሪቻርድ በርተን በ1978 ባሳተሙት ሥራ የልጆች የቅነሳ ስሕተት አብዛኛውን ጊዜ ወጥ በሆነ የተሳሳተ ሕግ የሚመራ መሆኑን አሳይተዋል። ከሁሉ የታወቀው በየቤቱ ትንሹን ከትልቁ መቀነስ ነው፤ 832 ሲቀነስ 457 በዚህ ሕግ 425 ይሆናል፣ ከ7 ላይ 2፣ ከ5 ላይ 3፣ ከ8 ላይ 4 ተነሥቶ። ልጁ ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ «ትንሹን ከትልቁ ቀንስ» የተባለውን በየዓምዱ አክብሯል። እንዲህ ያለ ደብተር ላይ የኤክስ ምልክት ብቻ አድርጎ ማለፍ ልጁ የያዘውን ሕግ ሳይነኩ መተው ነው። ሁለትና ሦስት ስሌቶቹን ጎን ለጎን ያየ መምህር ሕጉን በደቂቃዎች ያገኘዋል። በመጀመሪያዎቹ የክፍል ደረጃዎች ሁሉንም ትምህርት አንድ መምህር በሚያስተምርባቸው የአገራችን ትምህርት ቤቶች ደግሞ ይህን ለማየት ከዚያ መምህር የተሻለ ቦታ ያለው የለም።

ከየትኛው መንገድ ይጀመር የሚለው ክርክር በአሜሪካ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ በተለይ በመዘርዘርና እኩል በመጨመር መካከል ነበር። ዊሊያም ብራውኔልና ሃሮልድ ሞዘር በ1949 ያወጡት የሦስተኛ ክፍል ጥናት ምክንያቱ እየተገለጸላቸው በመዘርዘር የተማሩ ልጆች ብልጫ እንዳላቸው አሳየ፤ ከዚያ በኋላ መዘርዘር በዚያ አገር የበላይነቱን ያዘ። ኮንስታንስ ካሚ ከዚህም አልፈው በ1990ዎቹ የጽሑፍ ስልቶችን በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ማስተማር ራሱ ልጆች ስለ ቤት ዋጋ ማሰባቸውን እንዲተዉ ያደርጋል ብለው ተከራከሩ። ነቀፌታው ግማሽ እውነት አለው። ከዓምድ በቀር ሌላ ያላየ ልጅ 500 ሲቀነስ 499ን ሲያገኝ ሁለት ጊዜ ዘርዝሮ መሥራቱ አይቀርም። ነገር ግን በእጁ መዝገብ ይዞ የሚያድር የሕብረት ሥራ ማኅበር ሒሳብ ሠራተኛ ዓምድ ያስፈልገዋል፤ ሌላ ሰው ተመልሶ የሚመረምረው ዱካ የሚቀረው በጽሑፍ ብቻ ነው።

ለምዕራብ ሐረርጌ ከሁሉ የሚቀርበው በብራዚል የተደረገ ጥናት ነው። ቴሬዚንያ ካራኸር፣ ዴቪድ ካራኸርና አናሉሲያ ሽሊማን በሬሲፊ ከተማ ጎዳና ላይ የሚሸጡ 5 ልጆችን በሥራቸው ላይ እንደ ገዢ ሆነው ጠየቁ፤ ከጥያቄዎቹ 98.2 በመቶው ትክክል ተመለሰ። እነዚያኑ ልጆች በወረቀት ላይ እርቃኑን በቀረበ ስሌት ሲጠይቋቸው ትክክሉ 36.8 በመቶ ሆነ፤ በታሪክ መልክ ሲቀርብ 73.7 በመቶ። ልጆቹ ጥቂት ናቸው፤ ቁጥሩን ለሁሉም አድርጎ መውሰድ አይገባም። የሚያሳየው ግን ከገበያ የማይርቅ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነው። ከሰዓት በኋላ ጫትና ቲማቲም ሲሸጥ መልስ የማይሳሳት ልጅ በጠዋቱ ክፍል 825 ሲቀነስ 365ን ሊስት ይችላል። ያ ልጅ የሚጎድለው ስሌት አይደለም፤ የሚያውቀው ስሌትና ሰሌዳው ላይ ያለው ዓምድ አንድ መሆናቸውን ያሳየው ሰው አላገኘም። ድልድዩ ቀላል ነው፤ ዓምዱን በመቶ ብር፣ በአስር ብርና በአንድ ብር ከፍሎ፣ ወረቀት ተቆርጦ በተሠራ ገንዘብ አስቀድሞ በእጅ አስዘርዝሮ ከዚያ ማጻፍ። እንዲህ ሲደረግ እያንዳንዱ የተሰረዘ አኃዝ በእጁ ያለፈ ብር ይሆናል።

ማረጋገጫ ሁለት ዓይነት ነው። ቅነሳ በመደመር ይረጋገጣል፤ 375 ከ457 ጋር 832 ካልሰጠ አንድ ቦታ ተስቷል። ለድምር ደግሞ ዘጠኝን የመግደፍ ዘዴ አለ፤ ቀደም ሲል በባሕረ ሐሳብ 19ና 30 እንደተገደፉት። የ2,678 አኃዞች ተደምረው 23፣ እነርሱም 5፤ የ1,547 አኃዞች 17፣ እነርሱም 8። 5 ከ8 ጋር 13፣ እርሱም 4። የ4,225 አኃዞች 13፣ እርሱም 4፤ ተገጣጠመ። ይህ ዘዴ ዓይነ ስውር የሆነበት አንድ ነገር አለ፤ 4,225ን 4,252 ብሎ የጻፈን ሰው አይዘውም፣ አኃዞቹ ቦታ ቢለዋወጡም ድምራቸው ያው ነውና።

መፍታትም እንደ ማሰር በአስር ብቻ አይደለም። ከ12 ፈረሱላ ከ4 ኪሎ ላይ 7 ፈረሱላ ከ11 ኪሎ ሲነሣ አንድ ፈረሱላ ተዘርዝሮ 4 ኪሎው 21 ይሆናል፤ ቀሪው 4 ፈረሱላ ከ10 ኪሎ። የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ከዚህ ይረቃል። ጥር 14 ቀን 1998 የተወለደ ሰው መስከረም 7 ቀን 2017 ዕድሜው ስንት ነው? ዓመቱ አስራ ሦስት ወር ነው ብሎ አንዱን ዓመት በ13 ወር የሚዘረዝር ሰው 18 ዓመት ከ8 ወር ከ23 ቀን ያገኛል፤ ስሕተት ነው፤ ጳጉሜን እንደ ሠላሳ ቀን ወር ቆጥሯል። ዓመት ሲዘረዘር 12 ወር ከ5 ቀን ነው፣ በዘመነ ሉቃስ 6። ስለዚህ 2017 ዓመት፣ 1 ወር፣ 7 ቀን ሲዘረዘር 2016 ዓመት፣ 13 ወር፣ 12 ቀን ይሆናል። ከ12 ቀን 14 ስለማይነሣ አንድ ወር ተዘርዝሮ 12 ወር ከ42 ቀን። 42 ሲቀነስ 14፣ 28፤ 12 ሲቀነስ 5፣ 7፤ 2016 ሲቀነስ 1998፣ 18። ዕድሜው 18 ዓመት ከ7 ወር ከ28 ቀን ነው።

ስልቶቹ ሁሉ የሚቆሙበት ድንበር አለ። ከ457 ላይ 832 ይነሣ ቢባል የሚዘረዘር እስር እያለቀ ሄዶ የግራው ቤት ባዶውን ይቀራል፤ በሙሉ ቁጥሮች ውስጥ መልስ የለም። ነጋዴ ግን ለዚህም መዝገብ አለው። ቅነሳውን ገልብጦ ይሠራና 375ን በዱቤ ገጽ ላይ፣ ከባለ ዕዳው ስም አንጻር ይጽፈዋል።